ተጨማሪ መረጃ፦ ባልተዘጋ ጨረታ ላይ አስተያየት መስጠት

በኢንተርኔት ጨረታ ስለቀረበ ጥንታዊ ሳንቲም፣ ሰዓቱ ሳያልቅ በአደባባይ አስተያየት መስጠት ተገቢ ነውን? በአገራችን ጠገራ ብር የሚባለውን የማሪያ ቴሬዛ ታለር እንመልከት። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ሲመታ ኖሯል፤ ሁሉም ግን የሚይዘው ያንኑ 1780 ነው። ስለዚህ ሻጭ በሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ ጠቅሶ ቢያቀርብ፣ ያልዋሸ ቢመስልም ገዢውን ሊያሳስት ይችላል። ጨረታው ከተዘጋ በኋላ የሚነገር እውነት ለገዢው ብዙም አይፈይድለትም፤ በመሆኑም በተጻፈው ዓመትና ሳንቲሙ በተመታበት ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው በጊዜው የመናገር ኃላፊነት አለበት።

«ተጫራቾችን አርቆ በርካሽ ለመግዛት ወይም ተፎካካሪ ሻጭን ለመጉዳት ቢናገርስ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። የሚጠይቀው ግን ገደብ እንጂ ዝምታን አይደለም። ራሱ የሚጫረት ወይም ተመሳሳይ ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ጥቅሙን ይግለጽ፤ አለዚያ ይታቀብ። የዋጋ ግምቱን ትቶም ሊረጋገጥ በሚችል ነገር ይወሰን፦ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው ወይ? በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ በፎቶው ይታያል ወይ? «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት ሻጩን መጠየቅ ይቀድማል፤ በአንድ ፎቶ ብቻ ተነሥቶ የሰው ስም ማጉደፍ በደል ነውና። ተጠይቆ ካላረመ ግን ማስረጃን በአደባባይ ማቅረብ ለሁሉም ተጫራች የሚገባ ፍትሕ ነው።