ዕቃ ዕቃ፤ ጨዋታ ለሕፃናት ትምህርት ያለው ጥቅም

በኢትዮጵያ ገጠርም ሆነ ከተማ ሕፃናት ከደጃፍ ወይም ከአጥር ጥግ ተሰብስበው ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች አንዱ ዕቃ ዕቃ ይባላል። ገል ምጣድ፣ ጭቃ ሊጥ፣ ሰፊ ቅጠል እንጀራ ይሆናል፤ የበቆሎ ቆረቆንዳም በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ልጅ ይታዘላል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ የቀሩት ልጆችና እንግዶች ይሆናሉ። ዐዋቂዎች ይህን ሲያዩ ከትምህርት ሳይቈጥሩት ያልፋሉ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን፣ ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ከሚያስፈልጉት ችሎታዎች ብዙዎቹ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሲበቅሉ ይታያሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ምልክትን ማወቅ ነው። ሕፃኗ ገሉ ምጣድ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም በምጣድ ፈንታ እንዲቆም አድርጋዋለች። የሩሲያው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ስለ ጨዋታ ባስተማረው ትምህርት ይህንኑ በዱላ ምሳሌ አስረድቷል። ዱላውን እንደ ፈረስ የሚጋልብ ሕፃን የነገሩን ትርጕም ከነገሩ ለይቶ መያዝ ይጀምራል። ፊደልም ድምፅን ተክቶ የሚቆም ምልክት ነውና፣ አንድ ነገር ስለ ሌላው መቆም እንዲችል በጨዋታ የተረዳ ሕፃን የንባብ መንገድ ተጠርጎለታል።

ሁለተኛው ራስን መግዛት ነው። ጨዋታ ልቅ ፈቃድ ቢመስልም ሥርዓት አለው። ቡና የምታፈላው «እናት» አቦልን፣ ቶናንና በረካን በተራቸው ታቀርባለች፤ ሲኒውንም አስቀድማ በዕድሜ ለሚበልጠው «እንግዳ» ትሰጣለች። ለራሷ ቀድማ ብትጠጣ ጓደኞቿ «እናት እንዲህ አታደርግም» ብለው ያርሟታል። በሌላ ጊዜ ተራ መጠበቅ የሚያስቸግራት ልጅ በዚህ ጊዜ ማንም ሳያዝዛት ትጠብቃለች። ከዚህም ጋር ለታላቅ «አንቱ» ማለትን፣ እንግዳ መቀበልንና የሚያለቅስ ሕፃን ማባበልን ስለምትለማመድ ቋንቋዋ ይሰፋል።

ሌሎቹም ጨዋታዎች የየራሳቸው ትምህርት አላቸው። በቅልብልቦሽ አምስት ጠጠሮች ይያዛሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ተወርውሮ እስኪመለስ ድረስ ከመሬት ያሉት አራቱ ይለቀማሉ። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስቱ ባንድነትና አንዱ ለብቻው፣ በመጨረሻም አራቱ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። እጅና ዓይን መተባበርን ይለምዳሉ፤ አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈልም ጣቶች ከአፍ ቀድመው ያውቁታል። ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅንና መስመር ሳይረግጡ መዝለልን ያስተምራል። ታናናሾቹ የታላላቆቻቸውን ጨዋታ ዳር ቆመው ካዩ በኋላ ይገቡበታልና፣ መምህሩ ራሱ ልጅ ነው።

ጨዋታን የትምህርት መሠረት ያደረገው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ በኳስና በእንጨት ኩቦች የሚያስተምር ተቋም ከፈተ፤ በ1840ም «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» የሚል ስም ሰጠው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ሕፃናትን ያስተማረው የቄስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትምህርቱ በቃል መደጋገም ላይ የቆመ ነበር። ሆኖም ሕፃኑ ሀ ሁን በዜማ ከዘለቀ በኋላ ተራቸው የተለወጠውን አቡጊዳን ይቈጥራል። በዚህ ጊዜ የዜማው ልማድ ብቻ ስለማይረዳው ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ መምህራንም በቃል ማለትና ማወቅ ልዩ ልዩ መሆናቸውን አልሳቱትም።

በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ «ኦ» ክፍል የሚባለው በሰፊው ተከፍቷል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ሕፃናቱ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ከሰሌዳ የተጻፈውን በኅብረት ሲደግሙ ይውላሉ። ወላጆችም ትምህርቱን የሚመዝኑት በደብተሩ መሙላት ነው፤ ልጁ ተጫውቶ ቢመለስ ቀኑ የባከነ ይመስላቸዋል።

በእርግጥ ጨዋታ ብቻውን ፊደል አያስቈጥርም፤ ዐዋቂ ያስፈልገዋል። ዐዋቂው ግን ጨዋታውን ማቋረጥ የለበትም፤ እንደ እንግዳ ሊገባበት ይችላል። መምህርቷ ከዕቃ ዕቃው አጠገብ ተቀምጣ «ስንት እንግዶች መጡ? ሲኒው ይበቃል?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሕፃኑ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሲኒ እያደረገ ሲያዳርስ የቍጥርን ምሥጢር ያገኘዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገል፣ ጠጠርና ቅጠል በየመንደሩ ሞልቷል፤ ውድ መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት ግድ አይሆንም።

እንግዲህ የባህል ተመራማሪና የትምህርት ባለሙያ በዚህ ይገናኛሉ። የጨዋታዎቹ ስምና ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በልጆች አፍና እጅ ብቻ የሚኖርም ስለሆነ፣ ልጆች መጫወቻ ጊዜና ሜዳ ባጡ ቍጥር ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ ይቀራል። እነዚህን ጨዋታዎች በየቋንቋው መዝግቦ ለመምህራን ማቅረብ ቅርስን መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ ከደጁ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ከክፍሉ በር ላይ ጥሎት እንዳይገባ ማድረግም ነው።