የጁዶና የካራቴ ቀበቶ ለማስመጣት ለሚያስቡ ነጋዴዎች

የጁዶ፥ የካራቴና የቴኳንዶ ቀበቶ በመደርደሪያ ላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ልዩነቱ የሚገለጠው ገዢው ጥቂት ወራት ከታጠቀው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚወቀሰው ባለሱቁ እንጂ ፋብሪካው አይደለም።

አስመጪው ናሙና ሲቀርብለት አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ውስጡን ነው። መልካም ቀበቶ ውስጡ ተደራርቦ የተሰፋ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፥ የስፌቱም መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት ይሄዳሉ። በሳቲን የተሸፈነው ጥቁር ቀበቶ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሳቲን አንሸራታች ስለ ሆነ ቋጠሮው ይላላል፥ ሽፋኑም ሲያልቅ ነጩ የውስጥ ጨርቅ ብቅ ይላል። እርግጥ ይህንኑ መልክ የድካማቸው ምልክት አድርገው የሚወዱ የቆዩ ስፖርተኞች አሉ፤ ለእነርሱ ጥቂት ቢያዝ አይከፋም።

ቀለሙን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ መፈተን ነው። የሚለቅ ከሆነ በላብ ጊዜ ነጩን ልብስ ያበላሻልና ትእዛዙ ይቅር።

በዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ደንብ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወገብን ሁለት ጊዜ ዞሮ ከተቋጠረም በኋላ በየጫፉ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊተርፍ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ቁመት ብቻ ያዘዘ ነጋዴ ለሕፃናት የረዘመ፥ ለወፍራም ሰው ያጠረ ዕቃ ታቅፎ ይቀራል።

ነጩ ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ከልብሱ ጋር አብሮ ስለሚሸጥ ለብቻው በብዛት አይፈለግም። ገበያ ያለው ቀጥሎ የሚታጠቀው ቀለም ነው፤ ይህም እንደ ስፖርቱና እንደ ማሠልጠኛው ስለሚለያይ፥ ከማዘዝ በፊት የአካባቢውን አሠልጣኞች መጠየቅ ያስፈልጋል።