ስለ መላጣ ዶሮ፤ የተናቀ ዘር ሳይጠፋ መጠበቅ እንደሚገባ

እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጥረት ሁሉ ለሚኖርበት አገር የሚስማማ ሀብት ተሰጥቶታል። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚፈርደው በመልክ ስለ ሆነ፥ መልኩ ያላማረውን ጥቅሙን ሳይመረምር ይንቀዋል፤ ካጠፋውም በኋላ ይፈልገዋል። በኢትዮጵያ ገጠር መላጣ እየተባለች የምትጠራው ዶሮ ለዚህ ነገር ምሳሌ ናት።

መላጣ ዶሮ አንገትዋ ላባ የሌለው፥ ቆዳዋም ፀሐይ ሲመታው የሚቀላ ናት። ላባዋ የጎደለው በአንገትዋ ብቻ አይደለም፤ በቀረውም አካልዋ ከሌላው ዶሮ የሳሳ ነው። ይህን ጠባይ ከአባትም ከእናትም የወረሰችው 40 በመቶ ያህል፥ ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰችው ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ላባ ይጎድላታል።

በገበያ ቀን ሸማች ቀዩንና ገብስማውን እያነሣ በእጁ ሲመዝን፥ መላጣይቱን በሽታ የነካት ወይም ሌላ ዶሮ የነጫት እየመሰለችው ያልፋታል። ባለቤትዋም ዋጋ እንደማታወጣለት ባየ ጊዜ ለቤቱ ያርዳታል፤ ለዘር የሚያስቀረው ላባ የለበሰውን አውራ ነው። እንዲህ እየሆነ ቍጥርዋ ከአገሩ ዶሮ ሁሉ ጥቂቱ ሆኖ ይገኛል።

ሆኖም ምርመራ ያሳየው ከገበያው ፍርድ የተለየ ነው። ዶክተር ተከተል ፎርሲዶ በ1986 ዓመት በኤውሮፓ አቈጣጠር ባቀረቡት ጥናት ጥቁር፥ መላጣ፥ ቀይ፥ ገብስማና ነጭ ተብለው የሚጠሩትን አምስት ያገር ዶሮዎች አስተያይተው ነበር። በእንቁላል ብዛት ከአምስቱ በላይ ሆና የተገኘችው ያችው የተናቀችው መላጣ ናት።

መላጣነት የሚሰጠው ጥቅም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዶሮ እንደ ሰው ላብ የላትም፤ የሰውነትዋም ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ የሚደርስ ነው። ስለዚህ አየሩ በጋለ ጊዜ አፍዋን ከፍታ እያለከለከች ትተነፍሳለች፤ መብልዋን ትቀንሳለች፤ መብልዋንም በቀነሰች መጠን ሥጋዋና እንቁላልዋ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከበረታም ትሞታለች። መላጣይቱ ግን በተራቈተው አንገትዋ ሙቀቱን ወደ ውጭ ስለምታስወጣ፥ አየሩ 30 ዲግሪ ባለፈበት ስፍራ ላባ ከለበሰችው ይልቅ ትበላለች፥ ታድጋለች። ለላባ ይወጣ የነበረውም ምግብ ለሥጋዋ ይተርፋል። እንደ መተማ፥ እንደ ጋምቤላና እንደ አዋሽ ሸለቆ ላሉ ቆላ አገሮች ይህ ታላቅ ሀብት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ሀብት በከንቱ አልተዉትም። በፈረንሳይ አገር ቀይ ማኅተም በሚባለው የጥራት ምልክት ከሚሸጡት የታወቁ ዶሮዎች ብዙዎቹ አንገተ መላጣ ናቸው፤ ገዢውም መላጣነታቸውን የመልካም ሥጋ ምልክት አድርጎ ያየዋል። በኤዲንብራ የሚገኙ ሊቃውንትም በ2011 ዓመት በኤውሮፓ አቈጣጠር ላባው በአንገት ላይ እንዳይበቅል የሚያደርገውን ዘረ መል መርምረው አሠራሩን ገልጠዋል።

አሁን ዋነኛው ነገር ይህ ነው። አንዳንድ ጠባይ በዘር ውስጥ ተሰውሮ ከብዙ ትውልድ በኋላ ብቅ ይላል፤ መላጣነት ግን እንዲህ አይደለም። ከአንድ ወገን ብቻ ቢወረስም ይገለጣል እንጂ አይሸሸግም። ስለዚህ መላጣዎቹ ሁሉ ታርደው ካለቁ፥ ላባ ከለበሱት ዶሮዎች ያ ዘር ተመልሶ አይወለድም። ሌላው ጠባይ ቢናቅ በስውር ይተርፋል፤ ይህ ግን ከቢላዋ የሚደበቅበት ስፍራ የለውም።

ይኸው ምክንያት ደግሞ ዘሩን ለመጠበቅ ቀላል ያደርገዋል። አንገቱ ፈጽሞ የተራቈተው ከሁለቱም ወገን የወረሰ ነው፤ በአንገቱ ፊት ከታች ጥቂት የላባ ጕንጕን ያለበት ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰ ነው። ፈጽሞ መላጣ የሆነ አንድ አውራ በመንደር ውስጥ ቢቀመጥ፥ ላባ ከለበሱ ዶሮዎች የሚወልዳቸው ጫጩቶች ሁሉ መላጣነትን ይይዛሉ። ገበሬው ያለ መሣሪያና ያለ መጽሐፍ በዓይኑ ብቻ አይቶ ሊመርጥ ይችላል።

እርግጥ ነው፥ መላጣይቱ ለሁሉም ስፍራ አትሆንም። በደጋ ብርዱ ይጐዳታል፤ ሰውነትዋንም ለማሞቅ ብዙ ምግብ ትፈጃለች። አባትና እናት ሁለቱም ፈጽመው መላጣ በሆኑ ጊዜም የሚፈለፈለው እንቁላል ጥቂት ያንሳል። ከ1950ዎቹ ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት እንደ ሌግሆርን ያሉ የውጭ ዶሮዎችም በእንቁላል ብዛት ያገሩን ዶሮ እጅግ ይበልጣሉ፤ መኖና መድኃኒት ባለበት ስፍራ ጥቅማቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ሌግሆርን ታቅፋ ጫጩት ማውጣትን የተወች ናት፤ ያገሩ ዶሮ ግን በጓሮ የወደቀውን ለቅማ፥ ታቅፋ፥ ጫጩቶችዋንም ከጭልፊት እየጠበቀች ታሳድጋለች። እንግዳውን መቀበል የቤቱን ልጅ ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ በቆላ አውራጃዎች የእርሻ ሥራ የሚመሩ ሹማምንት የተሻሻለ ጫጩት ሲያድሉ፥ አስቀድመው በመንደሩ ያለውን መላጣ ዶሮ ቢቈጥሩና ጥቂቱን ለይተው ለዘር ቢያስቀሩ መልካም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን አስተውሎ መምረጥ ነው።

ካህናትም ለሕዝቡ የሚያስረዱበት ቃል በእጃቸው አለ። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ታዟል። ፍሬውን ተጠቀምበት፥ የፍሬውን ምንጭ ግን አታድርቅ ማለት ነው። ለፋሲካ 12 ብልት የምታወጣ ዶሮ የሚያርድ የቆላ ባላገር ይህን አስቦ ፈጽማ መላጣ የሆነችውን ከነአውራዋ ቢያስቀር፥ ለልጅ ልጆቹ የሚሆን ሀብት ጠበቀ ማለት ነው።