ፊልምና ቡና በጌጫ ጥላ ስር

ጌጫ በሸካ ዞን፣ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የሸካ ደን አካባቢዋን ያለብሰዋል፤ ዝናቡም በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለማር፣ ለእንሰትና ለቡና የተመቸ አገር ነው። ለፎቶ ፊልም ግን ፈተና ነው። ከዛፉ ስር ብርሃን ያጥራል፣ እርጥበቱ ሳጥን ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት ደግሞ ዛሬ በአዲስ አበባም ብርቅ ሆኗል።

ስልኩ ሁሉን በሚያነሳበት ዘመን ፊልም ማን ይፈልጋል? ፈላጊው አነሰ እንጂ አልጠፋም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሲያመርት የኖረውን ኮዳክሮም በ2009 አቆመ፤ በጥር 2012 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። የእንግሊዙ ኢልፎርድ በ2004 ከመዘጋት አፋፍ ደርሶ የገዛ ኃላፊዎቹ ገዝተው አተረፉት። ሁሉም ያለቀ ሲመስል ኮዳክ የተወውን ኤክታክሮም በ2018 መለሰ፤ የኢልፎርድን ፊልሞች የሚያመርተው ሃርማን በ2023 ፊኒክስ የተባለ አዲስ የቀለም ፊልም አወጣ፤ ፔንታክስ በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ ይዞ ብቅ አለ። ገበያው ዛሬም አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ዓይነቱ ጥቂት፣ ዋጋው የማይቀመስ።

የአባቱን ካሜራ ከቁም ሳጥን አውጥቶ አቧራውን ያራገፈ የጌጫ ወጣት፣ ከዚህ ጠባብ ገበያ ምን ይምረጥ?

ፊልም ማለት በስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው። ጄላቲኑ ከከብት አጥንትና ቆዳ ይወጣል፤ በውስጡ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ቅንጣቶቹ ሲተልቁ ፊልሙ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል፤ በምትኩ ፎቶው ላይ ሽርክት ይታያል። በማሸጊያው ላይ 100 ወይም 400 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህንኑ ይናገራል። ባለ 400 ፊልም በ1/60 ሰከንድ የሚያነሳውን፣ ባለ 100 ፊልም በ1/15 ሰከንድ ነው የሚያነሳው። ሜዳ ላይ ይህ ልዩነት አያስጨንቅም። በቡናው ጥላ ስር ቆሞ ቀይ ፍሬ የምትለቅመውን ሴት ለሚያነሳ ሰው ግን 1/15 ሰከንድ ማለት የሚንቀጠቀጥ እጅና የተምታታ ምስል ነው።

ስለዚህ ለደኑ ባለ 400 ይሻላል። ቀለም ወይስ ጥቁርና ነጭ? እዚህ ላይ መልሱ አያከራክርም፤ ጥቁርና ነጭ። የቀለም ነጋቲቭ በ37.8 ዲግሪ ሙቀት፣ ለሦስት ደቂቃ ከሩብ፣ ሳይዛነፍ መታጠብ ይፈልጋል። ለዚህ የተሠሩት ማሽኖች ከዲጂታል መምጣት በኋላ አንድ በአንድ ከሥራ ወጥተዋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን በ20 ዲግሪ ውሃ፣ ጨለማ በሆነ ክፍልና በአንዲት ማጠቢያ ታንክ ይረካል። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበረበት ዘመን፣ አንሺነትና አጣቢነት የአንድ ሙያ ሁለት እጆች ነበሩ። የኢልፎርድ ኤችፒ5 ወይም የቼኩ ፎማ 400 የገዛ ሰው ወደዚያው ሙያ ተመለሰ ማለት ነው።

ፊልሙን ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ካለ አንድ ነገር ይነገረው፦ ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ ወደ ጭነት እንዳይልከው። የጭነት ሻንጣ መፈተሻ ጨረር ፊልምን ያደበዝዛል። በእጅ ይዞ፣ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ።

ጌጫ ከገባ በኋላ ጠላቱ እርጥበት ነው። ጄላቲን ውሃ ይጠጣል፤ ሻጋታም ይወደዋል። ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ፣ በውስጡም ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡት የእርጥበት መሳቢያ ከረጢቶች በቂ ናቸው። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ፊልም ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይመለስ ከተከፈተ ላብ ያወጣል።

አሁን ወደ ቡናው፤ የማጠቢያውን ኬሚካል ሊተካ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ፣ የኮዳክ መናገሻ በሆነችው በሮቸስተር ከተማ፣ በዚያው ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊሊያምስ የተባሉ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ፊልምን በቡናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ አጠቡ። ውህዱ ካፌኖል ተባለ። በኋላ ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ሥራው ፈጠነ። ምስሉን የሚያወጣው ስሙ እንደሚያስመስለው ካፌይኑ አይደለም፤ በቡናው ውስጥ ያሉት ካፌይክን የመሳሰሉ አሲዶች ናቸው። ሶዳው ውህዱን አልካላይ አድርጎ ያነቃቃቸዋል።

በስፋት የሚሠራበት ልክ ይህ ነው፦ ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ አልባ የማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ንጹህ ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። የማጠቢያ ሶዳ ከጠፋ ቤኪንግ ሶዳን ምድጃ ውስጥ በደንብ ማጋል ወደዚያው ይለውጠዋል። ባለ 400 ፊልም በዚህ ውህድ ትንሽ ጭጋግ ስለሚይዝ፣ አዮዲን ያለው ጨው የሚጨምሩበት አሉ። ሽታው ከቡና ሥርዓት ጋር ዝምድና የለውም፤ መስኮት ይከፈት።

የጌጫን ሰው ቅር የሚያሰኝ ነገርም አለ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ርካሹ ሮቡስታ ነው፤ ፊልሙን የሚጠቅሙት አሲዶች በእርሱ ውስጥ ይበዛሉ። አረቢካውን ለጀበና መተው ይሻላል፣ ያውም ያለ ቅሬታ።

ቡናው የማይተካው አንድ ነገር ሃይፖ የተባለው ማጽኛ ኬሚካል ነው። ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አጥቦ የሚያወጣው እርሱ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ነጋቲቩ ብርሃን ላይ ሲወጣ ይጠቁራል። ያገለገለ ሃይፖ ብር ይዟል፤ ወንዝ ውስጥ አይደፋም።

ጀማሪ ደግሞ ሙሉ ፊልም ከማስገባቱ በፊት ከመጀመሪያው ጫፍ ቁራጭ ቆርጦ በብርሃን ላይ ውህዱ ውስጥ ይንከረው። በደቂቃዎች ውስጥ ከጠቆረ ውህዱ ይሠራል። ካልጠቆረ ሶዳው ወይም ቫይታሚኑ ትክክለኛው አይደለምና፣ ሠርግ የተነሳበትን ፊልም አይንካው።