ቀዶ ጥገና የተደቀነበትን ወዳጅ እንዴት እንርዳው?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንድ ወዳጃችን «የሐሞት ጠጠር አለብህ፤ ምናልባት ቀዶ ጥገና ያስፈልግህ ይሆናል ተባልኩ» ብሎ ሲነግረን የምንለው ይጠፋናል፤ ካልሆነም የማይረዳውን እንናገራለን። በዛሬው ዝግጅታችን እንዲህ ላለው ወዳጅ ምን ማድረግ እንደሚገባን እናያለን።

በቅድሚያ በሽታውን እንወቅ። የሐሞት ከረጢት በቀኝ በኩል ከጉበት ሥር የምትገኝ ትንሽ ከረጢት ናት። ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት ታከማችና ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ወደ አንጀት ትለቀዋለች። በውስጧ ጠጠር ተፈጥሮ መውጫዋን ሲዘጋ ከቀኝ ጎድን በታች ወይም ከእምብርት በላይ ኃይለኛ ሕመም ይነሳል፤ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል፤ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ያልፈዋል፤ በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ጠጠሩ ይገኛል።

ጠጠር የተገኘበት ሁሉ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ጠጠሩ ምንም ሳይሰማቸው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱ በአብዛኛው ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ይቆያሉ። ሕመሙ ሲመላለስ ወይም ከረጢቷ ስትቆጣ ግን ሐኪሞች እንድትወጣ ይመክራሉ። ሰው ያለ እርሷ መኖር ይችላል፤ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈሳል። ቀዶ ጥገናው መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ታግዞ፣ በሌለበት ደግሞ ሆድ ተከፍቶ ይሠራል።

«በአላህ የተመካ ሰው ምን ቢላዋ ያስፈልገዋል?» የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባቸው ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ሐኪም እንደላኩላቸው፣ ሐኪሙም ደም ሥራቸውን ቆርጦ ቦታውን በእሳት እንደተኮሰው እናገኛለን። ከነቢዩ የበለጠ በአላህ የተመካ የለም፤ ነገር ግን ለወዳጃቸው ዱዓ በማድረግ ብቻ አልተወሰኑም፤ ሐኪም ላኩለት። ለእኛም መንገዱ ይኸው ነው።

እንግዲያው ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እናዳምጠው። ፍርሃቱን እስኪጨርስ ሳንሰማ «አይዞህ፣ ምንም የለውም» ማለት አያጽናናውም። «እገሌ ከቀዶ ጥገና አልነቃም» የሚል ወሬማ ከነጭራሹ አይነሳ። ሕመሙን በአደራ ከነገረን በመስጊድ በርና በቡና ላይ አናውራው።

ሁለተኛ፣ ወደ ሐኪሙ አብረነው እንሂድ። የፈራ ሰው ሐኪም ከነገረው ግማሹን ይረሳል። ጥያቄዎቹን ቀድመን በወረቀት እንጻፍለት፦ ቀዶ ጥገናው አሁን ያስፈልጋል ወይስ መጠበቅ ይቻላል? ቢዘገይ ምን ያመጣል? እንዴት ይሠራል? ወጪው ስንት ነው? ከተጠራጠረ ሌላ ሐኪም መጠየቅ ይችላል። እህታችን ከሆነች ሴት ሐኪም እንፈልግላት፤ ካልተገኘች ችግሩ ወንድ ሐኪም እንዲያያት ይፈቅዳል፤ በአቅራቢያዋ ወገኗ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ውሳኔውን ለእርሱ እንተውለት። ካማከረ በኋላ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ኢስቲኻራ እንዲያደርግ እናስታውሰው። የእኛ ድርሻ ማስረዳትና ማገዝ እንጂ መገፋፋት አይደለም።

አራተኛ፣ መድኃኒት አዋቂ አንሁንበት። የወይራ ዘይትና ሎሚ መጠጣት ጠጠሩን ያወጣዋል እየተባለ ይወራል፤ ከሰውነት የሚወጣው ግን በአብዛኛው ዘይቱ ራሱ የረጋው ነው። ሩቅያና ዱዓ ትልቅ ነገር ናቸው፤ ከሕክምና ጋር ይሂዱ እንጂ በሕክምና ቦታ አይተኩ። ስንጠይቀውም በቅቤ የራሰ ገንፎና ጥብስ አንውሰድለት፤ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል።

አምስተኛ፣ አደገኛ ምልክቶችን እንወቅ። ሕመሙ ለሰዓታት ካልለቀቀው፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሳንውል ሳናድር ወደ ሆስፒታል እንውሰደው።

ስድስተኛ፣ ቤቱን እንይለት። ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው ቢላዋው ብቻ ሳይሆን የልጆቹ ቀለብ፣ የሱቁ መዘጋትና ያለበት ዕዳ ነው። አንዱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያድርስ፣ አንዱ ሱቁን ይጠብቅ፣ አንዱ ሌሊት ይደር። ደም ካስፈለገ እንለግስ። ገንዘብ ስናዋጣ ክብሩን እንጠብቅለት፤ በጀመዓ ፊት ስሙ እየተጠራ አይለመንለት።

ሰባተኛ፣ በዒባዳው እናግዘው። ከቀዶ ጥገና በፊት ሐኪሙ እስካለው ሰዓት ከምግብ መታቀብ ግዴታው ነው፤ ረመዳን ቢሆን ደግሞ አላህ ለበሽተኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) በኪንታሮት ታመው ስለ ሰላት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ቁስሉ ውሃ የማይነካው ከሆነም ሸሪዓው ማበስንና ተየሙምን ፈቅዷል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላም አንጥፋ። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በጠያቂ ይጨናነቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት በሩን የሚያንኳኳ የለም። ሄደን አጠር አድርገን እንጠይቀው፣ ዱዓ አድርገንለት እንነሳ፤ ዕቃ የሚያነሳለት፣ መድኃኒት የሚገዛለት እንሁን።

አላህ በሽተኞቻችንን ይማርልን፣ ሕመማቸውን ለወንጀላቸው ማበሻ ያድርግላቸው፣ የሐኪሞቻቸውን እጅ ያቅናላቸው። እኛንም በጭንቅ ቀን ወዳጁን ከማይተው ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።