የአውራ ጣት ዕውቀት

«እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ልጅ ውጭ አገር ካልሄደ አይድንም» የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ እስከ ይፋት ቆላ ይዞራል። የእሱ ታናሽ የሆነ ሌላ ወሬም አለ፤ «የውጭ ሐኪሞች መጥተው በነጻ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ነውና እስኪመጡ ጠብቁ» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ታናሹ ግን ከታላቁ ይከፋል፤ ያስጠብቃልና፣ በዚህ ሕመም ደግሞ ጠብቆ የተጠቀመ ሕፃን የለም። ማጀቴ ላይ ዛሬ የተወለደ ልጅ የሚያስፈልገው ከፓስፖርት ይልቅ ጄሶ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል ይልቅ አውራ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው አገር ውስጥ አለ። ባሕር መሻገር የነበረበት ዕውቀቱ ነው፤ እሱም ተሻግሯል። አመጣጡ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በአውሮፕላን ወርዶ በሳምንቱ በሚመለስ የሐኪሞች ቡድን አልነበረም፤ የእጅ ዕውቀት እንደዚያ አይጓዝም።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ብለን እንለፍ። ከ1000 ሕፃናት በ1 ገደማ ላይ ይታያል፤ በወንዶች ላይ እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ግማሽ ያህሎቹ ሁለቱም እግራቸው ቆልማማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆች ስለሚወለዱ ስሌቱ በየዓመቱ ከ3000 በላይ ሕፃናት ይሰጠናል። እርግማን አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ያየችው ወይም የረገጠችው ነገር አላመጣውም። አጥንቶቹ ሁሉ አሉ፤ የተጣመመው አቀማመጣቸው ነው። የፊት እግር ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ተረከዙ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ወደ ላይ ተስቧል።

የቃል ጉዳይም አለ። የእግር ኳስ ዘጋቢዎቻችን ሜዳ ሮጦ የሚገባውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «የቡድኑ ወጌሻ» ይሉታል። ቃሉ ያምራል፣ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ብዙ ወላጅ ፊዚዮቴራፒ ሲባል ቅባት ይዞ የሚያሽ ሰው ይታየዋል፣ «ማሸት ማሸትማ ሰፈራችንም አለ» ብሎ ይቀራል። ወጌሻን ማሳነሴ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እዚህ ግን የምናወራው ስለ ማሸት አይደለም።

የምናወራው ስለ አንድ አጥንት ነው። ከቁርጭምጭሚት ውስጥ ተሰክቶ የተቀመጠ ታለስ የሚባል አጥንት አለ፤ አንድም ጡንቻ አይያያዝበትም። ካስማ ነው ማለት ይቻላል፤ የቀረው እግር በጅማት ታስሮ በዙሪያው ይዞራል። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አሜሪካዊው ሂራም ካይት ቆልማማ እግርን ያለ ቀዶ ጥገና በጄሶ ለማቅናት የደከመ ታጋሽ ሐኪም ነበር። እግሩን ግን እንደ ጎበጠ ዱላ ቆጠረው፤ ዱላ ሲቀና መሃሉን ተጭነው ጫፉን እንደሚስቡት፣ የእግሩን ውጨኛ መሃል ተጭኖ የፊቱን ሳበ። ተረከዙ ወደ ውጭ የሚሄድበትን መንገድ የዘጋው የራሱ ጣት ነበር። ሕክምናው ከዓመት በላይ ይጎተት ነበር፤ ብዙዎቹም መጨረሻቸው ቀዶ ጥገና ሆነ። ስሕተቱን የፈታው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በሜኖርካ ደሴት የሰዓት ጠጋኝ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኛ ሲያክም ቆይቶ ተሰደደ፤ በ1941 አሜሪካ፣ አዮዋ ደረሰ። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፖንሴቲ አውራ ጣቱን ከመሃሉ አንሥቶ ከታለስ ራስ ውጨኛ ጎን ላይ አሳረፈው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ሁሉንም ነገር ግን ቀየረ። ካስማው ተይዞ የፊት እግር ወደ ውጭ ሲገፋ ተረከዙ ማንም ሳይነካው ይከተላል፤ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ይገለበጣል፣ ቀና ይላል፤ በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዞራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ዓይን የማይቀበለው እርምጃ አለ፤ የአውራ ጣቱ ወገን ወደ ላይ ይነሣል፣ እግሩም ይበልጥ የተጣመመ ይመስላል። የጠበቀ ቋጠሮ የሚፈታ ሰው ገመዱን መጀመሪያ ወደ ቋጠሮው ገፋ ያደርገው የለም? ይህም እንደዚያ ነው።

ታዲያ የሕፃን ጅማት በምን ይረዝማል? (አማርኛችን ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ጅማት ይላል፤ አሁን የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።) የጠፍር አልጋ አዲስ ሲሆን እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። አንድ ሌሊት ቢተኙበት አይረግብም፤ በወራት ግን ማንም ሳይቆርጠው ይረዝማል፣ መሃሉም ይጎደጉዳል። ይህ ቀስ ብሎ መርዘም ነው። ሁለተኛውን የይፋት ነጋዴ ከግመሉ ያውቀዋል፤ ጎህ ሲቀድ አጥብቆ ያሰረው የጭነት ገመድ ቋጠሮው ሳይላላ እኩለ ቀን ላይ መያዙ ይቀንሳል፣ ቆም ብሎ እንደገና ያጠብቀዋል። ጅማትም ባለበት ርዝመት ተወጥሮ ሲቆይ ውጥረቱ እየበረደ ይሄዳል። ባለሙያው እግሩን ለጥቂት ደቂቃ በእጁ ያለዝባል፣ የተገኘችውን ያህል ከጣት እስከ ጭን በጄሶ ይይዛታል፣ በ5 ወይም በ7 ቀን ፈትቶ እንደገና ያጠብቃል። ጭነቱን የሚያስተካክለው ነጋዴ እሱ ነው። በሕፃን ላይ ደግሞ ገመዱ ሕያው ነው፤ የጅማቱ ኮላጅን እንደ ሞገድ የታጠፈ ስለሆነ ይዘረጋል፣ ከዚያም ሰውነቱ በአዲሱ ርዝመት መልሶ ይሠራዋል። ስለዚህ 5 ወይም 6 ጄሶ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የማይታዘዘው የተረከዝ ጅማት ብቻ ነው፤ ወፍራምና ጥብቅ ስለሆነ በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ በማደንዘዣ በትንሽ ስለት ይቆረጣል፣ 3 ሳምንት በመጨረሻው ጄሶ ውስጥ ቆይቶ ረዝሞ ይገጥማል።

እዚህ ላይ ከራሳችን ከፊዚዮቴራፒ ሙያ የሚነሣውን ጥያቄ መሸሽ አይገባም። በ2017 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 49 ጥናቶችን መርምሮ፣ በተለይ የነርቭ ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ላይ ጅማትን የማለዘብ ሕክምና የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ የሚያጠግብ ያህል እንደማይጨምር ደምድሟል። ይህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ማስረጃውን ግን ቁጣ አይመልሰውም። የእኔ መልስ ጠባብ ነው፤ በግምገማው ያሉት ጥናቶች ከ7 ወር ያነሰ የማለዘብ ሕክምናን የመዘኑ ናቸው፣ የሕፃን ጅማት ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ጅማት ነው። ለሕፃን የሠራው በአንጎል ደም መፍሰስ ግማሽ ጎኑ ለሰለለ አዋቂ ይሠራል ብሎ መከራከር አይቻልም። በሌላ በኩል ጄሶ ብቸኛ መንገድ አይደለም፤ በፈረንሳይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በየቀኑ በእጅ እያለዘቡ በፕላስተር የሚይዙበት ስልት አለ፣ ውጤቱም ከፖንሴቲ ጋር ተወዳድሮ የተቀራረበ ሆኗል። ለወራት በየቀኑ መመላለስ ይጠይቃል ግን። ከ1300 ሜትር ገደማ ቆላ ተነሥታ ጣርማበርን ወጥታ፣ በ2800 ሜትር ላይ ያለችውን ደብረ ብርሃን አልፋ አዲስ አበባ የምትደርስ እናት በሳምንት አንዴም መምጣት ይከብዳታል። የስልት ምርጫ ከአጥንት ሌላ መንገድንም ይመለከታል።

ፖንሴቲ ሥራውን ያሳተመው በ1963 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ይወዱ ነበር የሚል ነው፤ እውነትነት አለው፣ ግን በቂ አይመስለኝም። ብዙዎች አንብበው ሞክረው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ጽሑፍ «የታለስን ራስ ያዝ» ይላል። በአራስ ልጅ ላይ ግን ያ ራስ የባቄላ ፍሬ ያህል ነው፣ ብዙው ገና ለስላሳ አጥንት ነው፤ ምን ያህል መጫን እንዳለበት ወረቀት አያስተምርም። «ታዲያ ቪዲዮ አይበቃም?» ለሚል መልሱ ይኸው ነው። ቪዲዮ ቦታውን ያሳያል፣ ኃይሉን ግን አያሳይም። ለዚህ የሚያውቅ እጅ በተማሪው እጅ ላይ መጫን አለበት።

አፍሪካ ውስጥ የሆነውም ይህ ነው። ማላዊ የነበሯት የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ሥራውን ሐኪም ላልሆኑት ክሊኒካል ኦፊሰሮች አስተማረች፤ በ2005 የታተመው ውጤት ጥሩ ሆኖ ተገኘ። «ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት?» የሚለው ጥያቄ የተመለሰው በማላዊ ነው እንጂ በአዮዋ አይደለም። የኡጋንዳው ተወላጅ፣ በካናዳ የሚሠራው ሻፊቅ ፒራኒ ደግሞ ስድስት ምልክቶችን እያየ ከ0 እስከ 6 ነጥብ የሚሰጥ ልኬት አወጣ። ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ካምፓላ ያለው ባለሙያ «አራት ተኩል ነበር፣ ከሦስት ጄሶ በኋላ ሁለት ሆነ» ሲል አዲስ አበባ ያለው የሚያየው ያንኑ እግር ነው። የጋራ ቃል ሳይኖር የጋራ ትምህርት የለም። በእኛ አገር በ2008 አዲስ አበባ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ለዚህ ሥራ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ከዚያም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኩል የተዘጋጀው የአፍሪካ የቆልማማ እግር ሥልጠና ሲነደፍ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የሩዋንዳ ባለሙያዎች ሠልጣኝ ብቻ አልነበሩም፤ አሠልጣኝ እንዲሆኑ ነበር የሠለጠኑት።

«ሁልጊዜ ከውጭ ተማሪዎች ነን» የሚል ቅሬታም ይሰማል። ታሪኩ አይደግፈውም። በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ከስሙ ጀምሮ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌና የተሃድሶ ማሠልጠኛ ነበር፤ የሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ይማሩ የነበረው እዚህ ነው። ወጌሻውም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በአገራችን ተሠርቶ በ2005 የታተመ ጥናት ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቶ በጠባብ ማሰሪያ ሳቢያ የሚደርሰው የእጅና የእግር መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። እጁ የለመደ ሰው የት እንደሚያቆም ከተነገረው ይማራል። ቆልማማ እግርን አቅንቶ ይያዝ እያልኩ አይደለም፤ አራስ ልጅ ይዘውለት ሲመጡ ሳይነካ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማስተማር ግን ከማንም የውጭ ቡድን ይልቅ ብዙ እግር ያተርፋል።

ቀዶ ጥገናው ለምን አይመረጥም ለሚለው፣ ሰፊ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው እግሮች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲታዩ ብዙዎቹ ግትርና የሚያሙ ሆነዋል። በፖንሴቲ የታከሙት ደግሞ በ1995 በታተመው ክትትል 78 በመቶዎቹ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ነበሩ፤ እግራቸው ጤነኛ ሆኖ ከተወለዱት መካከል ይህ ቁጥር 85 በመቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የሚፈርሰው ከጄሶው በኋላ ነው። ልጁ በብረት የተያያዘ ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ማታ ማታ ማድረግ አለበት፤ እግሩ ተመልሶ የሚቆለመምበት ትልቁ ምክንያት ጫማው መውለቁ ነው። የአዮዋ ክረምት በረዶ ነው፣ የይፋቷ ሸዋ ሮቢት ሌሊት ግን ሕፃን ራቁቱን የሚያስተኛ ሙቀት ስላለው ጫማውን መታገሥ ይከብዳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ በሚነገርበት ቆላ «ማታ ማታ» የሚለው ትእዛዝ በየቋንቋው በትክክል መድረሱም የሕክምናው ክፍል ነው። ስለዚህ የፒራኒ ነጥቡ ተበላሽቶ የመጣውን ልጅ የሚያይ ባለሙያ እናቱን «ለምን አወለቅሽ?» ብሎ ከመቆጣት ይልቅ «በስንት ሰዓት ነው የወለቀው? ከዚያ በፊት ልጁ ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ጠይቆ ከነጥቡ ጎን ይጻፈው። ካምፓላና አዮዋ ያሉት ባልደረቦቹ የሚጠብቁት ገጽ ያ ነው።