የጉሮሮ ሕመም ልብ ላይ እንዳያርፍ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልጆች የጉሮሮ ሕመም ነው። «ጉሮሮ ደግሞ ምን አለው? ማርና ዝንጅብል ይበቃዋል» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን ከጉሮሮ የጀመረ በሽታ ልብ ላይ ያርፋል። እንዴት? እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

በሽታው ከየት ይመጣል?

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል በዓይን የማይታይ ጀርም አለ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በክር እንደተሰካ ዶቃ ተያይዞ ይታያል። የታመመ ሰው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጉሮሮን በብዛት የሚያጠቃው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ነው። በክፍል ተጠጋግተው የሚቀመጡ፣ በአንድ መደብ የሚተኙ ልጆች ቶሎ ይጋባባቸዋል።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ልጁ ንፍጥና ሳል ካለው ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው። ይህኛው ግን ትኩሳቱ በድንገት ይመጣል። ልጁ ምራቁን ሲውጥ ያመዋል። አንገቱ ላይ፣ ከመንጋጋው ሥር፣ ዕጢ ያብጣል። ቶንሲሉ ይቀላል፤ ነጭ ነገርም ሊታይበት ይችላል። ሳል ብዙም የለውም። አንዳንዱ ልጅ ሲዳስሱት የሚሻክር ሽፍታ ይወጣበታል። እርግጡን ለይቶ የሚነግራችሁ ግን የጤና ባለሙያ ነው።

ልጁ ውኃ መዋጥ ካቃተው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ቆዳው ላይ ኃይለኛ ሕመም ያለው እብጠት በፍጥነት ከተስፋፋ፣ ጀርሙ ወደ ደም ወይም ወደ ሥጋ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ልብ እንዴት ይጎዳል?

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ጉሮሮዋን ታመመችና መድኃኒት ተሰጣት። በ3ኛው ቀን ሻል ሲላት ቤተሰቧ «ድናለች» ብለው የቀረውን ለታናሽ ወንድሟ አስቀመጡት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጉልበቷን ቆረጠማት። ከጉልበቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያም ወደ ክርኗ ዞረ። በዓመቱ ዳገቱን ወጥታ ትምህርት ቤት መድረስ አቃታት። የልቧ በሮች ተጎድተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ጀርሙን ለመዋጋት ኃይል ያዘጋጃል። ያ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። ይህ የሚሆነው ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ስለሆነ ብዙ ወላጅ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ የልቡ ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። በሽታው በተመላለሰ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፔኒሲሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 የተገኘ መድኃኒት ነው። ብዙ ጀርሞች መድኃኒት ሲለምዱ፣ ይህ ጀርም እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልቻለውም። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ ልብን ማዳን ይቻላል። ሕክምናው አንድ መርፌ ወይም የ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ልጁ ቢሻለውም 10ሩን ቀን ጨርሱ። የአንዱን ልጅ መድኃኒት ለሌላው አትስጡ። መድኃኒት የማይስማማው ልጅ ካለ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

እንጥሉ ወርዷል ብላችሁ በምላጭ አታስቆርጡ። ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ቁስል ያመጣል፤ ጀርሙን ግን አይገድልም።

ልቡ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ ይወጋል፤ ይህም ለብዙ ዓመት ነው። ቀጠሮው እንዳያልፍ።

ወገኖቼ፣ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። የመድኃኒቱን ወረቀት ራሳችሁ አንብቡ። «በቀን ስንት ጊዜ? ለስንት ቀን?» የሚለውን ፈልጉ። ግድግዳ ላይ ከ1 እስከ 10 ጻፉ፤ በየቀኑ አንዱን ሰርዙ። 10 ሳይሰረዝ መድኃኒቱ አይቆምም።

ለመወያያ፦
1. ጉንፋንና ይህ የጉሮሮ ሕመም በምን ይለያያሉ?
2. ልጁ ቢሻለውም መድኃኒቱን የሚጨርሰው ለምንድን ነው?
3. በሰፈራችሁ እንጥል የሚያስቆርጥ ቢኖር ምን ትሉታላችሁ?

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ በጤና ቆዩ።